ካርታ ይዞ ልብ ወለድ ማንበብ፦ የከተማ አስማት መጽሐፎችን እንዴት እንጀምር?

መጀመሪያ የሞከርኩትን የከተማ አስማት ልብ ወለድ አርባኛው ገጽ ላይ ዘግቼ አልጋ ሥር ወረወርኩት። አንድ ዓመት እዚያው አቧራ ጠጣ። ጥፋቱ የመጽሐፉ አልነበረም፤ እኔ እንደ ተረት ነበር ያነበብኩት። ጠንቋይ መጣ፣ መንፈስ ታየ፣ እሺ ከዚያስ? አንድ ቀን ጓደኛዬ ቤት መጥቶ መጽሐፉን አየውና ስልኩን አውጥቶ ካርታ ከፈተ። "ይኸውልህ፣ ፖሊሱ አሁን የቆመው እዚች ጋ ነው" አለኝ። እውነተኛ አደባባይ። እውነተኛ ቤተ ክርስቲያን። ፎቶው ላይ ሰዎች ሻንጣ እየጎተቱ ያልፋሉ። ያን ሌሊት አልተኛሁም።

እዚህ የምጽፈው ጓደኛዬ ያሳየኝንና ከዚያ ወዲህ እየተደናቀፍኩ የተማርኩትን ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

ለማያውቀው ሰው፦ ፈረንጆቹ ኧርባን ፋንታሲ ይሉታል። ዘንዶና ንጉሥ ያለበት ሌላ ዓለም አይደለም። የቤት ኪራይ የሚከፈልበት፣ ባቡር የሚያመልጥበት፣ ስልክ ቻርጅ የሚጨርስበት የዛሬ ከተማ ነው። ከሥሩ ግን ሌላ ነገር አለ። አብዛኛው ሰው አያየውም፤ ያየም "እብድ ይሉኛል" ብሎ ዝም ይላል። ታሪኩን የሚጎትተው ብዙ ጊዜ የወንጀል ምርመራ ነው፤ ስለዚህ የመርማሪ መጽሐፍ የሚወድ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

1. ከደራሲው በፊት ከተማውን ምረጡ

"የትኛው ደራሲ ይሻላል?" ብላችሁ አትጀምሩ። "የትኛውን ከተማ ማወቅ እፈልጋለሁ?" በሉ። በዚህ ዘውግ ዋናው ገጸ ባሕርይ ከተማው ነው።

ለንደን ካላችሁ የቤን አሮኖቪች "ሪቨርስ ኦቭ ለንደን" አለ፤ በ2011 ወጣ። አንድ ጀማሪ ፖሊስ ሌሊት የግድያ ቦታ ሲጠብቅ የዓይን እማኝ ነኝ የሚል ሰው ይመጣለታል፤ እማኙ ግን ከሞተ ቆይቷል። ፖሊሱ ፒተር ግራንት ይባላል፣ እናቱ ከሴራሊዮን የመጡ ናቸው፣ አባቱ የጃዝ ሙዚቀኛ። ቺካጎ ካላችሁ የጂም ቡቸር ሃሪ ድሬዝደን አለ፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ "ስቶርም ፍሮንት" በ2000 ታተመ። ሰውየው ሙያውን በስልክ ማውጫ ላይ በግልጽ አስመዝግቦ ደንበኛ የሚጠብቅ፣ ኪራይ የከበደው አስማተኛ ነው።

ሞስኮን የሚፈልግ የሰርጌይ ሉክያኔንኮን "ናይት ዋች" ይያዝ። በሩሲያኛ በ1998 የወጣ ነው፣ እንግሊዝኛ ትርጉሙ በቀላሉ ይገኛል። ጆሃንስበርግ ደግሞ የሎረን ቢውክስ "ዙ ሲቲ" አለላችሁ፤ 2010። እዚያ ከባድ ወንጀል የሠራ ሰው ላይ አንድ እንስሳ ይጣበቅበታል፣ እስከ ዕለተ ሞቱ አይለየውም። ባለታሪኳ ዚንዚ ስሎዝ የሚባለውን ያን ዝግተኛ የዛፍ እንስሳ ጀርባዋ ላይ አዝላ ሂልብሮው ውስጥ ሰው የጠፋበትን ዕቃ እየፈለገች ትኖራለች። የመተዳደሪያዋን ሌላኛውን ግማሽ የምታገኘው በኢሜይል ከሚያጭበረብሩት ጋር እየሠራች ነው። ለእኔ ከሁሉም አፍ የሚያሲዘው ይሄኛው ነው። ለመጀመሪያ መጽሐፍነት ግን አልመክረውም፤ ያደክማል።

እኔ ለንደንን ነው የማውቀው። ከዚህ በኋላ ምሳሌ የማበዛው ከእሱ ነው።

2. ካርታውን ክፈቱ፣ አትዝጉት

ይሄን ደረጃ ከዘለላችሁት የቀረውን ባታነቡም ይሻላል።

ስልካችሁ ላይ ካርታ ክፈቱና መጽሐፉ የጠራውን የመጀመሪያ ቦታ ፈልጉ። "ሪቨርስ ኦቭ ለንደን" የሚጀምረው ኮቨንት ጋርደን ከሴንት ፖል ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ያ ትልቁ ጉልላት ያለው ካቴድራል አይደለም። ስማቸው አንድ ሆኖ ነው እንጂ ይሄኛው ትንሽ ነው፣ "የተዋንያን ቤተ ክርስቲያን" እየተባለ ይጠራል፣ ኢኒጎ ጆንስ የሚባለው አርክቴክት በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሠራው ነው። ፊቱ ላይ ያለው ሜዳ ደግሞ ፒያሳ ይባላል። አዎ፣ ፒያሳ። የእኛም የእነሱም ስም ከጣሊያንኛ የመጣ ነው።

አሁን የመንገድ ፎቶውን ክፈቱና ወደ አምዶቹ ተጠጉ። ግድግዳው ላይ በ1662 እዚያ አካባቢ ስለታየ አንድ የአሻንጉሊት ትርኢት የሚናገር ጽሑፍ ተቀርጿል። ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም። መጽሐፉን ስትጨርሱ ተመልሳችሁ እዩት፣ ፀጉራችሁ ይቆማል።

ከዚያ ወንዞቹን ፈልጉ። ለንደን ውስጥ ከመሬት በታች የተቀበሩ ወንዞች አሉ፤ ይሄ ልብ ወለድ አይደለም። ፍሊት የሚባለው ከሃምፕስቴድ ሂዝ ይነሳና በኪንግስ ክሮስና በፋሪንግደን ሥር አልፎ ብላክፍራየርስ ድልድይ ጋ ቴምዝ ውስጥ ይገባል። የጋዜጠኞች ሰፈር የነበረው ፍሊት ስትሪት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ወንዝ ነው። ታይበርንም እንዲሁ ተቀብሯል። በታይበርን ስም የሚጠራው ቦታ ደግሞ እስከ 1783 ድረስ ሰው በአደባባይ የሚሰቀልበት ነበር፤ ዛሬ ማርብል አርች ያለበት አካባቢ፣ ቱሪስት ከረጢት ይዞ የሚንጎማለልበት።

ለምን ይሄን ሁሉ እነግራችኋለሁ? መጽሐፉ ውስጥ ወንዞቹ ሰዎች ናቸው። ቴምዝ ናይጄሪያዊት እናት ናት። ከልጆቿ ብዙዎቹ የተቀበሩት ወንዞች ናቸው፤ ታይበርን የምትባለው ደግሞ ለብሳና ተሽቀርቅራ ሁሉን የምታዝ ኃይለኛ ሴት ናት። ቦታው የማን እንደነበረ፣ ማን እዚያ እንደሞተበት ካላወቃችሁ "ቀበጥ ናት" ብላችሁ ታልፏታላችሁ። ካወቃችሁ ግን ስታወራ ከኋላዋ የሕዝብ ጩኸት ይሰማችኋል።

1858ንም ያዙ። በዚያ በጋ የቴምዝ ሽታ ከተማውን አንቆት ነበር፤ ፓርላማው መጋረጃውን በኖራ ነገር እየነከረ ይሰበሰብ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ባዛልጌት የሚባለው መሐንዲስ ትልልቆቹን የፍሳሽ ቦዮች የሠራው። አንድ ሙሉ የቤተሰብ ጠብ ከዚህ ይመነጫል፤ እዚህ ላይ አፌን እይዛለሁ።

አንድ ነገር ግን ካርታው ላይ ሳየው ደርቄ ቀረሁ። ልብ ወለዱ ውስጥ የአስማተኛው ፖሊስ ቤት ያለው ራስል ስኩዌር ነው። ከዚያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ሄድ ሲሉ ብሪቲሽ ሙዚየም ይመጣል። ሙዚየሙ ውስጥ፣ ለሕዝብ ከማይታይ ክፍል፣ አሥራ አንድ የኢትዮጵያ ታቦታት አሉ፤ አብዛኞቹ በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉ። የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ አያዩዋቸውም፣ ማየት የሚፈቀደው ለካህናት ብቻ ነው። ይሄ አስማት አይደለም፣ ቅዱስ ነገር ነው፣ ከልብ ወለድ ጋር አላደባልቀውም። ግን "ሚሊዮን ሰው የሚያልፍበት ሕንፃ ውስጥ ማንም የማያየው ነገር አለ" የሚል ዓረፍተ ነገር ሳነብ ከዚያ ወዲያ እንደ ተራ ፈጠራ አላነበውም።

3. የሰፈር ስም ሲመጣ ቅኔ እንደመጣ ቁጠሩት

እዚህ ላይ አማርኛ አንባቢ ከማንም ይቀድማል። ሰምና ወርቅ እየሰማን ነው ያደግነው።

የኒል ጌይማን "ኔቨርዌር" የሚባለውን ውሰዱ። መጀመሪያ በ1996 የቢቢሲ ተከታታይ ድራማ ሆኖ ነው የመጣው፣ መጽሐፉም በዚያው ዓመት ወጣ። ሪቻርድ የሚባል የቢሮ ሰው መንገድ ላይ የቆሰለች ልጅ ያነሳል፤ ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ሊያየው ያቅተዋል፣ ወደ ታችኛው ለንደን ይወርዳል። ታች የባቡር ጣቢያ ስሞች ሁሉ እንደተጻፉ እውነት ናቸው። ኧርልስ ኮርት ጣቢያ ስሙ "የኧርሉ ችሎት" ማለት ነው፤ ታች በእርግጥ አንድ ያረጀ መስፍን ባቡር ውስጥ ችሎት ያስችላል። ናይትስብሪጅ ሲጻፍ "የፈረሰኛው ድልድይ" ነው፣ ሲነገር ግን "የሌሊት ድልድይ" ተብሎም ይሰማል። ደራሲው ወርቁን ወሰደ፤ ድልድዩ ሌሊት ሆነ፣ የሚሻገር ሁሉ በሰላም አይሻገርም። ኤንጅል የሚባል ጣቢያም አለ፣ መልአክ ማለት ነው። ቀሪውን ገምቱ።

እዚህ ጋ እንግሊዝኛው ፈጣን ስለሚሆን ቀልዱ ሊያመልጣችሁ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የቦታ ስም በመጣ ቁጥር ቆም ብላችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ዓይን የማያየውን ጆሮ ይይዘዋል።

ካልገባችሁ በአዲስ አበባ ሞክሩት። እሪ በከንቱ። ዶሮ ማነቂያ። ሰባራ ባቡር። እነዚህን ስሞች በየቀኑ ለረዳቱ "ወራጅ አለ" ስንል እንጠራቸዋለን፣ አንድም ቀን አንሰማቸውም። አሁን እንደተጻፉ እውነት ናቸው በሉ። እሪ ብትል ድምፅህ ከአፍህ የማይወጣበት አንድ ቅያስ አለ። ባቡሩ የተሰበረው አንድ ነገር ከታች ይዞት ነው። እንዲህ ለአምስት ደቂቃ ካሰባችሁ መጽሐፉ እንዴት እንደተጻፈ ገብቷችኋል።

4. ሕጉንና ዋጋውን ጻፉ

አንድ ቁራጭ ወረቀት መጽሐፉ ውስጥ አድርጉ። ሁለት ነገር ብቻ ጻፉበት፦ አስማቱ ምን ይችላል? ምን ያስከፍላል? ደህና ደራሲ ሁለተኛውን አይረሳም።

ለምሳሌ ፒተር ግራንት አስማት ሲሠራ አጠገቡ ያለ የበራ ስልክ ውስጡ ያለው ቺፕ አሸዋ ይሆናል። ስለዚህ ከአስማት በፊት ስልክ ማጥፋት አለበት። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን ከመቶ ገጽ በኋላ አደጋ ሲመጣ "ለምን አይደውልም?" ብላችሁ አትጠይቁም፣ ወረቀታችሁ ላይ አለ። ሃሪ ድሬዝደንም አጠገቡ ያለ ማሽን ሁሉ ይበላሽበታል፣ የውሃ ማሞቂያም ጭምር። ስለዚህ ቺካጎ በሚያህል በረዶ አገር በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል። ሰውየውን የወደድኩት እዚያች ጋ ነው። ኃይሉን ሳይሆን ጠዋት ጠዋት ጥርሱን ሲያንገጫግጭ ሳየው።

"ናይት ዋች" ላይ ዋጋው ይከብዳል። የብርሃንና የጨለማ ወገኖች ውል አላቸው። የብርሃኑ ወገን አንድ ደግ ነገር ከሠራ፣ የጨለማው ወገን ያንኑ የሚያህል ክፉ የመሥራት መብት ያገኛል። አንድ ሰው ለማዳን እጅህን ስትዘረጋ ለሌላ ሰው ሞት ፈቃድ እየፈረምክ ሊሆን ይችላል። ይሄን ሕግ ወረቀት ላይ ሳትጽፉ ካለፋችሁ የመጽሐፉ ሰዎች ለምን እንደዚያ እንደሚያመነቱ አይገባችሁም፣ "ፈሪዎች" ትሏቸዋላችሁ።

ሕጉን ጽፋችሁ ደራሲው ራሱ ሲጥሰው ካገኛችሁትስ? አንዴ ይቅር በሉት። ሁለቴ ከሆነ መጽሐፉን ለሰው ስጡ።

5. "ጠንቋይ" ብላችሁ አትተርጉሙ

በልባችን እየተረጎምን ማንበባችን አይቀርም። ችግሩ ቃሉ የራሱን ጓዝ ይዞ መምጣቱ ነው። "ጠንቋይ" ስንል ወዲያው ቡናና ጥቁር ዶሮ፣ ተደብቆ የሚገባበት ግቢ፣ "ማን አሠራብኝ" ይታየናል። ለንደኑ ፒተር እንደዚያ አይደለም። መጽሐፉ እንደሚለው አስማቱን በሥርዓት ያስቀመጠው አይዛክ ኒውተን ነው፤ እውነተኛው ኒውተንም በአልኬሚ ላይ ብዙ ጽፏል፣ ስለዚህ ደራሲው ከባዶ አልተነሳም። ፒተር ላቲን መሸምደድ አለበት። አንዲት የብርሃን ኳስ መዳፉ ላይ ለማብራት ስንት ሳምንት ያንኑ ነገር እየደጋገመ ይለፋል። ይሄ ጠንቋይ አይደለም፣ ይሄ የቆሎ ተማሪ ነው! መምህሩን እያገለገለ፣ የማይገባውን ቃል እየደገመ፣ አንድ ቀን እስኪበራለት። እንደዚያ አድርጌ ሳነበው መምህሩ ናይቲንጌል ራሱ የኔታ መሰለኝ።

ግን ሁሉንም ነገር ከእኛ ጋር ለማጋጠም አትሞክሩ። ዛርን ከመንፈሱ፣ ቡዳን ከቫምፓየሩ እያጣመራችሁ ከሄዳችሁ ገጽ ሠላሳ ላይ ተምታቶባችሁ ትቀራላችሁ። አንዳንዱ ነገር አቻ የለውም፣ እንደመጣ ተቀበሉት።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እናቴ አንዱን ሽፋን አይተው "ልጄ፣ ይሄ ምንድነው ቤቴ ያስገባኸው?" ብለው ጸበል ረጩት። መጽሐፉ እስካሁን የረጠበው ቦታ ላይ ሸብሸብ ብሏል። ተቀምጬ ታሪኩን ነገርኳቸው፤ ስለ ወንዞቹና ስለ ልጆቻቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና "ቀበናም እኮ ድሮ ሰው ይወስድ ነበር" አሉ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ አልተጣላንም። እምነታችሁ ግን የምር የሚረበሽ ከሆነ በግድ አታንብቡ፤ ሌላ መጽሐፍ ሞልቷል።

6. እንግሊዝኛው ሲከብድ

የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ ገጾች መዝገበ ቃላት ሳትነኩ እለፉ። ሆን ብሎ የተደበቀባችሁ ነገር አለ፤ ባለታሪኩም ገና አልገባውም። ከዚያ በኋላ ሦስቴ የተደጋገመ ቃል ብቻ ፈልጉ።

የፖሊሶቹ ንግግር ግን ያስቸግራል። "ጋቭ" ካሉ አለቃ ማለታቸው ነው። "ኒክ" ደግሞ አንዴ ጣቢያ ይሆናል፣ አንዴ መስረቅ፣ አንዴ ማሰር፤ ከአካባቢው ነው የሚለየው። ለዚህ የድምፅ መጽሐፉ ይጠቅማል። "ሪቨርስ ኦቭ ለንደን"ን የሚያነበው ኮብና ሆልድብሩክ ስሚዝ የእያንዳንዱን ሰፈር አነጋገር ይለያል፤ የናይጄሪያዊቷን እናት ሲያወራ መኪና ውስጥ ብቻዬን ስቄያለሁ። አሜሪካና እንግሊዝ ያላችሁ ሰዎች ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የቤተ መጻሕፍት ካርዳችሁን ሊቢ የሚባለው አፕ ላይ አስገቡት። ሰፈራችሁ ያለው ቤተ መጻሕፍት መጽሐፉ ካለው በነፃ ትዋሳላችሁ፣ ወረፋ ግን ይኖራል።

7. ተከታታዩን በቅደም ተከተል፣ ግን እንደ ዕዳ አይደለም

እነዚህ መጽሐፎች ብዙዎቹ ተከታታይ ናቸው፣ ከመሀል መጀመር ኪሳራ ነው። የሞተው ሰው ቀድሞ ይታወቅባችኋል። ከመግዛታችሁ በፊት ዝርዝሩን እዩ፣ ርዕሱንም አረጋግጡ። "ሪቨርስ ኦቭ ለንደን" አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ "ሚድናይት ራዮት" ተብሎ ነበር። አንዲት የአክስቴ ልጅ ሁለቱንም ገዝታ ሁለተኛውን "እንዴት እንዲህ ይመሳሰላል?" እያለች እስከ ሦስተኛው ምዕራፍ ደርሳለች።

የድሬዝደን መጀመሪያ መጽሐፍ ደግሞ ከኋለኞቹ ደከም ይላል። ሴት በገባች ቁጥር ቁመናዋን የሚለካ ተራኪ ያናድዳል፣ እኔንም አናዶኛል። እስከ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ድረስ ዕድል ስጡት፣ ከዚያ ካልጣማችሁ ተዉት። መጽሐፍ አጋምሶ መተው ነውር አይደለም።

8. ስትጨርሱ ውጡ

ያነበባችሁት ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ መጽሐፉን ይዛችሁ ሂዱ። ለንደን ላላችሁ አንድ ቦታ ልጠቁማችሁ። ክለርከንዌል ውስጥ ሬይ ስትሪት የሚባል መንገድ አለ። ኮች ከሚባለው መጠጥ ቤት ፊት ለፊት አስፋልቱ ላይ የብረት ፍርግርግ አለ። ምንም ምልክት የለውም፣ ሰው ረግጦት ያልፋል። ከሥሩ ያለው ፍሊት ነው። ዝናብ የጣለ ማግስት፣ በተለይ እሁድ ጠዋት መኪና ሳይበዛ፣ ጎንበስ ብላችሁ ጆሯችሁን ጠጋ አድርጉ፤ የሚሮጥ ውሃ ይሰማችኋል። አላፊው "ምን ጥሎ ነው?" ብሎ ያያችኋል። "ቁልፍ" በሉት።